የጥፍር ቀለም ምስክርነት

ሰሞኑን ከአንድ የረጅም ጊዜ ወዳጄ ጋር ተኳርፈን ነበር። ያኳረፈን ገንዘብ አይደለም፤ ፖለቲካም አይደለም፤ ብሎን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወዳጄ አንዲት ያገለገለች ሚኒባስ አለችው። ደብረ ብርሃን ይኖሩ የነበሩ አክስቱ አርፈው ለለቅሶ ልንሄድ ስንል፣ በዋዜማው የፊት ፍሬኗን ለማሠራት ሰፈራችን ወዳለ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አንደበቱ ቁጥብ የሆነ ልጅ። ሁለቱን የፊት ጎማዎች አወለቀ፣ የፍሬን ሸራውን ለወጠ፣ ጎማዎቹን መለሰ፣ ዳዶዎቹን አጠበቀ፣ ክሪኩን አወረደና እጁን በጨርቅ ጠረገ። እኔ ያን ጊዜ ከኪሴ የባለቤቴን ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣሁ። ጎንበስ ብዬ በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ ከዳዶው ጠርዝ ተነስታ ቸርኬው ላይ የምታርፍ አንዲት ቀጭን መስመር አሰመርኩ። በየጎማው ስድስት፣ በድምሩ 12 መስመር።

ልጁ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ። «ምንድነው እሱ?» አለኝ። ዳዶው ከዞረ መስመሯ ለሁለት ስለምትሰበር፣ መላላቱ ያለ ቁልፍ በዓይን ብቻ ይታወቃል አልኩት። «እኔ ያጠበቅኩት ነው የሚዞረው?» አለ። ልመልስ አፌን ስከፍት፣ «አታምነኝም ማለት ነው» ብሎ ራሱ ጨረሰውና ሂሳቡን ከወዳጄ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ወዳጄ ከጋራዡ እስክንወጣ ታገሠኝ። ከዚያ «ሰውን በገዛ ደጁ አዋረድከው፤ ያውም በሴት ጥፍር ቀለም!» አለኝ። እስከ ቤታችን ድረስ አልተነጋገርንም።

እኔም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰው የሠራውን ሥራ ሌላው መጥቶ እንዲያየው ምልክት ማድረግ ሠሪውን መጠርጠር ነው? ከሆነስ፣ ጥርጣሬ ነውር ነው? «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው የተረቱት አባቶቻችን፣ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ያሉትም እነርሱው፣ ፊት ለፊት ሲጠረጠሩ ግን ሰይፍ የሚያስመዝዝ ስድብ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። እኛም ወርሰነዋል። ያበደርነውን ሰው ወረቀት ላይ ፈርምልኝ ማለት ያሳፍረናል፤ የተቀበልነውን ብር ፊቱ ላይ ለመቁጠር እንሽኮረመማለን። ጀርባውን ሲያዞር ግን እንቆጥረዋለን።

መስመሯን የተማርኩት ከአጎቴ ነው። አጎቴ ዕድሜውን የጨረሰው በጭነት መኪና ጋራዥ ነው፤ እነዚያን ኤንትሬ የምንላቸውን አሮጌ ፊያቶች ከአንድ ጊዜ በላይ ከሞት ያስነሳ ሰው ነው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እርሱ ዘንድ እውላለሁ። ሥራዬ ዝገት የያዘ ብሎን በናፍጣ ማጠብ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ብዙ ሕግ አልነበረም፤ ሲጋራ ይጨሳል፣ ይሰደባል፣ ምሳ ሰዓት አይከበርም። አንድ ሕግ ግን ነበር፤ ያጠበቀ አያሰምርም። አንዱ ያጠበቀውን ሌላው መጥቶ በቁልፍ ይሞክረዋል፤ ሞክሮ ሲያበቃ ቀለሙን የሚቀባው እርሱ ነው። አጎቴ ራሱ ያጠበቀውን የሚሞክርለት ሰው ካጣ እኔን ይጠራኛል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ቁልፉ ላይ በሙሉ ክብደቴ ተንጠልጥዬ ስወዛወዝ ሠራተኛው ሁሉ ይስቃል። እርሱ አይስቅም።

አንድ ቀን በጣም ደክሞኝ ሳልሞክረው «ጋሼ፣ ጠብቋል» አልኩት። ተመለከተኝ። «ጠብቋል አትበለኝ፤ ሞክሬዋለሁ በለኝ» አለኝ። ሞከርኩት። ጠብቆ ነበር። ያን ዕለት የተናገረው ነገር የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እርሱን እደርስበታለሁ።

አንባቢዬ፣ ለነገሩ ብሎን እንዴት እንደሚይዝ አስበን እናውቃለን? እኔ ጥርሱ ስለሚነክስ ይመስለኝ ነበር። እንዲያ አይደለም። ብሎን ሲጠብቅ በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ ልክ እንደ ጅማት። ተለጥጦ ወደ ነበረበት ለመመለስ ሲታገል በመካከሉ ያሉትን ብረቶች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። የሚይዘው ይህ ትግል ነው። ታዲያ ቁልፉን ይዞ ከሚያምጠው ሰው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ዳዶው ከተቀመጠበት ገጽ ጋር ሲፋተግ ያልቃል፤ ሌላው 40 በመቶ ያህል ጥርስ ከጥርስ ሲፋተግ ይጠፋል፤ ብሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው ከአሥር አንድ እጁ ገደማ ነው። ጥርሱ መካከል ዝገት ወይም አሸዋ ከገባ ደግሞ ያም ያንሳል። ቁልፉ «በቃ» ይላል፣ ክንድ «በቃ» ይላል፣ ብሎኑ ግን ገና አልተለጠጠም። እጅ የሚሰማው ጥብቀትና ብረቱ ውስጥ ያለው ጥብቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው። ሐቀኛ ሠራተኛ፣ በሙሉ ልቡ አጥብቄያለሁ ብሎ ሲምል፣ የገዛ ክንዱ ሊዋሸው ይችላል።

በትክክል የጠበቀውስ? ገርሃርድ ዩንከር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ጥናት ብዙ መካኒኮችን ከሐሜት የሚያድን ነገር አሳየ። ከእርሱ በፊት ትኩረት ያገኘው በብሎኑ ቁመት አቅጣጫ የሚመጣው ጫና ነበር። ዩንከር የተጣበቁትን ብረቶች ወደ ጎን ወዲህና ወዲያ አንሸራተታቸው። በሚገባ የጠበቀ ብሎን እንኳ በዚያ ጊዜ ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ እየፈታ ሲሄድ ታየ። ጥቂት በጥቂት፣ በእያንዳንዱ መንሸራተት። በስሙ የሚጠራው የመፈተኛ መሣሪያ ዛሬም ይሠራበታል፤ በእርሱ ሲፈተኑ እኛ ሁልጊዜ የምንተማመንባቸው ስንጥቅ ስፕሪንግ ሮንዴላዎች ያን ያህል እንደማይረዱ ታይቷል።

አጎቴ ዩንከርን አያውቀውም። ኮረኮንች መንገድ ግን ያውቃል። ጎማ የተፈታለትን ሾፌር ሁሉ ወደ ሰሜን የሚሄድ ከሆነ «ሸኖ ስትደርስ ቁምና እይ» ብሎ ይሸኘዋል። አዲስ የታሰረ ጎማ ቀለሙና ዝገቱ ተጨፍልቆ፣ ቸርኬው ቦታ ቦታውን ይዞ እስኪረጋ ድረስ ዳዶው ስለሚላላ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲኬድ እንደገና መጥበቅ አለበት። ሸኖ ለዚህ የተመቸች ናት። ሾፌሮቹ በእርግጥም ሸኖ ይቆማሉ፤ ቅቤ ገዝተው ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ካላልኩ ይቆጨኛል። «ይጠብቃል» የሚለውን ቃል ይመልከቱልኝ። ብሎን ይጠብቃል፤ ዘበኛም ይጠብቃል። አጻጻፉ አንድ ነው። ስናነበው ግን የዘበኛው «ብ» ጠብቃ ትነበባለች፤ የብሎኑ «ብ» ላልታ ትነበባለች። መጥበቅን የሚናገረው ቃል ራሱ ላልቶ መነበቡ ያስቀኛል። የሰዋስው ሊቃውንቶቻችን ለድምፅ የመረጡት ስያሜ ራሱ የጋራዥ ቋንቋ ነው፤ ፊደል «ይጠብቃል»፣ ፊደል «ይላላል»። ፊደላችን ግን የትኛው እንደጠበቀና የትኛው እንደላላ ምልክት አያደርግም። በአንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት ከፊደሉ አናት ላይ ነጥብ እየተደረገ ለማሳየት ተሞክሯል፤ በዕለት ጽሕፈት ግን አልተለመደም። ለአንባቢ እንተወዋለን። አንባቢው ቋንቋውን ያውቃል፣ ያስተካክለዋል ብለን እናምነዋለን፤ አብዛኛውን ጊዜም ያስተካክለዋል። ይህ መልካም እምነት ነው። ነገር ግን ሕዝብ አሳፍሮ በሚሄድ ጎማ ላይ እንዲህ ያለው እምነት ሲሠራ አላየሁም።

ብሎን እንዳይላላ ሰው ያልሞከረው ነገር የለም። ዳዶ ላይ ሌላ ዳዶ ይደርባል። የዳዶውን ራስ እንደ ዘውድ ሸንትሮ በብሎኑ ቀዳዳ ሁለት እግር ያላት ሽቦ ያሳልፍና እግሮቿን ይቆለምማል። አውሮፕላን ላይ የብሎኖቹ ራስ ይበሳና አንዱ ከአንዱ ጋር በተገመደ ሽቦ ይተሳሰራል፤ ግመዳው አንዱ ሊላላ ሲል ሌላውን ወደ መጥበቅ የሚጎትት ነው። ቨርነን ክሪብል የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 ሎክታይት የተባለውን ማጣበቂያ አገኘ፤ አየር እያገኘ ፈሳሽ ሆኖ ይቆይና ጥርስና ጥርስ መካከል ገብቶ አየር ሲያጣ ድንጋይ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ማሰሪያዎች ናቸው። የጥፍር ቀለሟ ግን ከእነዚህ ወገን አይደለችም። አንድ ዳዶ ሊዞር ከፈለገ እርሷ አታስቆመውም። የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዞሩን መደበቅ እንዳይችል ታደርገዋለች። «ማን ይመስክር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» እንደሚባለው፣ ብሎኑ ሲጠብቅ የነበረች እርሷ ናት።

ምስክር ግን የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 2007 በእንግሊዝ አገር ግሬይሪግ በተባለ ቦታ ከለንደን ወደ ግላስጎው ይሄድ የነበረ ፈጣን ባቡር ከሐዲዱ ወጣ። አንዲት አሮጊት ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ምክንያቱ ሲመረመር ባቡር አቅጣጫ በሚለውጥበት የሐዲድ መገናኛ ላይ ብሎኖች ላልተው፣ የተሸከሙት ዘንግ ተለያይቶ ተገኘ። ከአምስት ቀን በፊት በእግር እየተሄደ ሊታይ የሚገባው ያ ቦታ አልታየም። የዚያን ቀን ፍተሻ ከሌላ ሥራው ጋር ደርቦ እንዲሠራ በፈቃዱ የተረከበው ኃላፊ ያን ክፍል ሳያየው ቀርቶ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2024 ከፖርትላንድ፣ ኦሬጎን የተነሳ የአላስካ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 9 አውሮፕላን 177 ሰዎች አሳፍሮ በ4,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሳለ፣ የጎኑ በር መድፈኛ ተገንጥሎ ወደቀ። እግዚአብሔር ሲጠብቅ (እዚህስ «ብ» ትጠብቃለች) አጠገቡ ባሉት ሁለት ወንበሮች ሰው አልተቀመጠም ነበር፤ የሞተም የለም። የ737 ማክስ ስም ለእኛ የቢሾፍቱን የ2011 ዓ.ም. ሐዘን የሚቀሰቅስ ነው፤ የዚያኛው መንስኤ ግን ብሎን አልነበረምና አላምታታውም። በ2024ቱ አደጋ መርማሪዎቹ ያገኙት መድፈኛውን ሊይዙ የሚገባቸው አራት ብሎኖች ከመጀመሪያውም እንዳልነበሩ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሌላ ጥገና ለመሥራት መድፈኛው ተከፍቶ፣ ሲመለስ ብሎኖቹ ሳይመለሱ ቀርተዋል። መከፈቱን የሚያሳይ ወረቀት አልተገኘም። መከፈቱ ስላልተጻፈ መዘጋቱን ሂድና እይ የተባለ ሰው አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ያነበበኝ ሰው «ስለዚህ ሁሉም ነገር ይፈረም፣ ይመዝገብ፣ ማህተም ይደረግበት ልትለን ነው» ብሎ ሊሰጋ ይችላል። አገሩን የማውቅ ሰው ነኝ፤ እንዲህ አልልም። ከመዝገብ ቤት እስከ ገንዘብ ቤት አምስት ፊርማ ያረፈበትና አንድም ሰው ያላነበበው ወረቀት ስንቱን ተቀብለናል! ፊርማ ሲበዛ ሥራው አይጠብቅም፤ እያንዳንዱ ፈራሚ ከእርሱ በፊት የፈረመውን አምኖ፣ ከእርሱ በኋላ በሚፈርመው ተማምኖ ያሳልፋል። ይህን ስል ሰሚ ሆኜ አይደለም።

በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ስወጣ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ እርማት ነበር። ስሙን በማልጠራው አንድ ጋዜጣ ውስጥ፣ እያንዳንዱ ገጽ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ግርጌው ላይ ሦስት ሰው ይፈርማል፤ ጽሑፉን የለቀመው፣ አራሚው፣ አዘጋጁ። አንድ ምሽት ከሦስት ሰዓት በኋላ የመጨረሻው ገጽ መጣልኝ። ማስታወቂያና የሐዘን መግለጫ ነው። ታክሲ ሊያመልጠኝ ነው፤ ዝናብም ነበር። የለቀመችው ልጅ ጠንቃቃ መሆኗን አውቃለሁ። ፈረምኩ። ፊርማዬ እንደውም ያን ቀን አምሮ ወጥቶ ነበር።

በማግሥቱ አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ጋዜጣውን አጥፎ ይዞ መጣ። በሐዘን መግለጫው ላይ የሟቹ ስምና መግለጫውን ያወጣው የወንድሙ ስም ተለዋውጦ ነበር። የመጣው በጋዜጣችን የሞተው ሰው ነው። ይጮሃል ብለን ጠበቅን። አልጮኸም። «የእኔስ ግድ የለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «እናታችን ግን በአንድ ሳምንት ሁለት ልጅ ቀበረች።»

ስብሰባ ተደረገ። የለቀመችው ልጅ አራሚው ያየዋል ብላ ነበር። አዘጋጁ አራሚው አይቶታል ብሎ ነበር። እኔ ለቃሚዋ አትሳሳትም ብዬ ነበር። ሦስታችንም ስለፈረምን ማንም አልፈረመም ማለት ሆነና ነገሩ ታለፈ፤ በሚቀጥለው እትም በደቃቃ ፊደል ማረሚያ ወጣ። ከደመወዜ አልተቆረጠም፤ ማስጠንቀቂያም አልደረሰኝም። ያን ጊዜ ነው አጎቴ ትዝ ያለኝ። ያ ገጽ ላይ ያስቀመጥኩት ፊርማ «ጠብቋል» ይላል። «ሞክሬዋለሁ» አይልም ነበር። እኔ ቀለሙን ቀባሁ እንጂ ቁልፉን አልነካሁም። ቀለም ባይኖርበት ኖሮ ምናልባት አዘጋጁ ራሱ ያነበው ነበር፤ የእኔ መስመር ከማንበብ አሳረፈችው። ውሸተኛ ምልክት ከምልክት አልባነት የሚከፋው በዚህ ነው፤ የሚያየውን ዓይን ያስተኛል። ለዚያ ሰው ቤት ሄጄ ይቅርታ አልጠየቅሁም። አድራሻው መዝገብ ላይ ነበር።

እንግዲህ መካኒኩ ልጅ ፊት የጥፍር ቀለም ያወጣሁት እርሱን ጠርጥሬ ነው? ራሴን አውቄ ነው ብል ያምርብኛል፤ እውነቱ ግን ከሁለቱም አለበት። ከእርሱ ይልቅ መንገዱን ነበር የጠረጠርኩት። ይህን ግን አልነገርኩትም። የአጎቴንም ሕግ በግማሹ ብቻ ነው ያከበርኩት፤ መስመሩን ያሰመርኩት ቁልፉን ተቀብዬ ሳልሞክር ነው። እርሱ ባጠበቀው ላይ እኔ ሳልነካው ምስክር አቆምኩ። ቢቀየም ይገባዋል፤ የተቀየመበት ምክንያት ግን ይህ አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት ጉዞ ጀመርን። ወዳጄ ይነዳል፤ እኔ አጠገቡ ነኝ፤ ከኋላ የአክስቱ ዘመዶች በነጠላ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ሰላምታ እንጂ ወሬ አልነበረንም። ሸኖ ስንደርስ ሳልለምነው ቆመ። ለለቀስተኛው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብሎ ቅቤ ሊገዛ ሄደ። እኔ ወርጄ በፊት ጎማዎቹ አጠገብ ተንበረከክሁ። ብርዱ ይቆርጣል። አንድ በአንድ አየኋቸው። 12ቱም መስመሮች እንደ ትናንቱ ቀጥ ብለው ነበር። ልጁ በሚገባ አጥብቋል።

ስልኩ ደረሰኙ ላይ ነበረና ደወልኩለት። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ዝም አለ። ሸኖ መድረሳችንን፣ መስመሮቹ አንዱም አለመሰበሩን ነገርኩት። ትናንት ቁልፉን ተቀብዬ መሞከር ይገባኝ እንደነበርም ነገርኩት። አሁንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና፣ «የኋላዎቹንስ አየሃቸው?» አለኝ።

«የኋላዎቹን አልነካሃቸውም እኮ» አልኩት።

«አልነካኋቸውም። ለዚህ ነው የምጠይቅህ» አለኝ።

ዞሬ አየሁ። የኋላ ጎማዎቹ ዳዶዎች ጭቃ ለብሰዋል፤ ምንም መስመር የለባቸውም። ማን እንዳጠበቃቸው፣ መቼ እንዳጠበቃቸው ወዳጄም አያውቅም፤ መኪናዋን ሲገዛት እንዲሁ ነበሩ። ወዳጄ በቅጠል የተጠቀለለውን ቅቤ ይዞ ደረሰ። ነገርኩት። ፊቴን ተመለከተ፣ ጎማውን ተመለከተ፣ ከዚያ ቅቤውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ የጎማ መፍቻውን ሊያወጣ ሄደ።